ማሳ በፖስታ አይላክም

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ “ኤክስቴንሽን” የሚለውን ቃል የማያውቅ ወጣት ፈልጋችሁ አታገኙም። ከጦር ኃይሎች ተነስታችሁ፣ በሦስት ቁጥር ማዞሪያ አድርጋችሁ፣ አየር ጤና እስክትደርሱ ያሉትን የኮሌጅ ማስታወቂያዎች አንብቡ። “በቀን፣ በማታ፣ በርቀት” ይላሉ። አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ማርኬቲንግ… ለኛ ኤክስቴንሽን ማለት ቀን ሠርቶ ማታ መማር ነው። “ምን እየሠራሽ ነው?” “ኤክስቴንሽን እማራለሁ።” አለቀ፣ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አየር ጤናን አልፋችሁ፣ በጅማ መንገድ ሰበታን ተሻግራችሁ ለአንድ አርሶ አደር “ኤክስቴንሽን” በሉት እስቲ። እሱ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ በመስመር መዝራት፣ ጭቃውን እየረገጠ የሚመጣው የልማት ሠራተኛ። የማታ ትምህርት በሐሳቡም አይመጣም።

አንድ ቃል፣ ሁለት ዓለም። የሚገርመው ግን ሁለቱ ኤክስቴንሽኖች የአንድ እናት ልጆች መሆናቸው ነው። ሁለቱም የተወለዱት “ኮሌጅ ከአጥሩ ወጥቶ ግቢው መግባት ወደማይችለው ሰው ይሂድ” ከሚል ሐሳብ ነው። አንዱ ከተማ ቀርቶ ወፈረ። ሌላው ገጠር ወርዶ ከሳ።

ጋዜጠኝነት እንጂ እርሻ አልተማርኩም፤ ስለዚህ ስለ ዘርና አፈር ልሰብክላችሁ አይደለም። እኔን የያዘኝ የገንዘቡ ታሪክ ነው። ከሕዝቧ አብዛኛው አራሽ በሆነባት አገር አካውንቲንግ በርቀት እንደ ልብ ሲገኝ ግብርናን በርቀት መማር ለምን ብርቅ ሆነ? “ወጣቱ ግብርና ስለሚጠላ ነዋ!” የምትሉ ትኖራላችሁ። እሺ፣ ግን መልሱ በሂሳብ መዝገብ ውስጥም አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። ውሉን የተፈራረሙት እነሱ ስለሆኑ በነሱ መቁጠር ይቀላል።)

ሊንከን በመሬት ያስተማረው

ታሪኩ የሚጀምረው ከኛ በጣም ርቆ ነው። በ1862 አሜሪካ እርስ በርሷ እየተዋጋች ሳለ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የሞሪል አዋጅ በሚባለው ሕግ ላይ ፈረመ። ሕጉ ለእያንዳንዱ ግዛት ኮንግረስ ውስጥ ባለው ተወካይ ልክ፣ በአንድ ተወካይ 30 ሺህ ኤከር የመንግሥት መሬት ሰጠ። ግዛቱ መሬቱን ሸጦ በገንዘቡ የእርሻና የሜካኒክ ሙያ ኮሌጅ እንዲያቋቁም ነው። የገበሬ ልጅ የሚማርበት ኮሌጅ ከገበሬ ልጅ ኪስ አይሠራም የሚል ስሌት ነበር።

በዚህ አላበቁም። በ1887 ለምርምር ጣቢያ የሚሆን ገንዘብ በሕግ ተመደበ። በ1914 ደግሞ ስሚዝ-ሊቨር የተባለው ሕግ ወጣና ከኮሌጁ ወደ ገበሬው የሚሄደው ባለሙያ የራሱ በጀት ተቆረጠለት፤ ግማሹን የፌዴራሉ መንግሥት፣ ግማሹን ግዛቱ እንዲያዋጡ። ይህችን ልብ በሏት። የባለሙያው መንገድ፣ አበልና ሠርቶ ማሳያ መሬት የኮሌጁ ትርፍራፊ አልነበረም። ሕግ ያወቀው፣ ሁለት ከፋይ ያለው ወጪ ነበር።

ከመቶ ዓመት በኋላ ተራው የደሴቶቹ ሆነ። በ1972 በፓስፊክ ያለችው ጉዋምና በካሪቢያን ያሉት የቨርጂን ደሴቶች ኮሌጆቻቸው በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ገቡ። ችግሩ ለነሱ የሚታደል ሰፊ መሬት አለመኖሩ ነበር፤ ስለዚህ በመሬቱ ፈንታ ለእያንዳንዳቸው 3 ሚሊዮን ዶላር ቋሚ ገንዘብ ተሰጣቸው። ወደ 2000ዎቹ ስንመጣ ደግሞ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በደሴቶች ለሚገኙ ኮሌጆች ብቻ የሚሆን የርቀት ትምህርት ድጎማ አቋቋመ። ለኔትወርክ፣ ለመሣሪያ፣ ለመምህራን ሥልጠና። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ከሌላው ርቆ ባሕር መሐል የተወለደ ተማሪ የርቀቱን ዋጋ ብቻውን አይክፈል።

እኛ ባሕር የለንም። ግን በዝናብ ወር መኪና የማይገባበት ቀበሌ ከደሴት በምን ይለያል?

ኦክላሆማ በኮልፌ መንገድ

ይህ ሥርዓት ወደ ኢትዮጵያ የመጣበትን መንገድ ብትከተሉ ሠፈራችንን ያቋርጣል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚወጡት ሁለት ዋና መንገዶች፣ በአስኮ በኩል የአምቦው፣ በአየር ጤና በኩል የጅማው፣ ከዘመናዊ የእርሻ ትምህርት ቤቶቻችን ቀደምት ወደሆኑት ሁለቱ ያደርሳሉ። አምቦ ከጣሊያን መውጣት በኋላ በ1940ዎቹ ነው የተከፈተው። ጅማ በ1952።

የጅማው ታሪክ ከኦክላሆማ ጋር የተያያዘ ነው። በጃንዋሪ 1949 ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ሥራቸውን ሲጀምሩ ባደረጉት ንግግር አራተኛ ነጥብ ላይ፣ አሜሪካ የቴክኒክ ዕውቀቷን ለድሃ አገሮች እንደምታካፍል ተናገሩ። ነገሩ “ፖይንት ፎር” ተባለ፤ አባቶቻችን “ነጥብ አራት” ይሉት ነበር። የኦክላሆማ የእርሻና የሜካኒክ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት በ1950 ኢትዮጵያ መጥተው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ስለ እርሻ ኮሌጅ ተነጋገሩ። በዚያው ዓመት የፖይንት ፎር መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኑ። ኮሌጁን ግን አላዩትም፤ በዲሴምበር 1951 ቴህራን አቅራቢያ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ሞቱ።

የሁለቱ መንግሥታት ስምምነት በ1951 ተፈረመ፤ የኦክላሆማ ኮሌጅ ውል በ1952 ተከተለ። የኮሌጁ ቦታ በሐረርና በድሬዳዋ መካከል አለማያ ሐይቅ አጠገብ ተመረጠ። ግንባታው እስኪያልቅ የመጀመሪያዎቹ የኮሌጅ ተማሪዎች ጅማ ላይ ቆይተው በ1956 ወደ አለማያ ተዛወሩ። ንጉሡ በጃንዋሪ 1958 መርቀው ከፈቱት። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምንለው እሱ ነው።

የኦክላሆማ ሰዎች ከሕንፃና ከትራክተር ሌላ ያመጡት ነገር ሦስት እግር ያለው ወንበር ነበር፤ ማስተማር፣ መመራመር፣ ወደ ገበሬው መውጣት። ሦስተኛው እግር ኤክስቴንሽን ነው። ከ1953 ጀምሮ በኢትዮጵያ የግብርና ኤክስቴንሽንን የያዘው ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ሳይሆን ኮሌጁ ነበር። አስተማሪውና የልማት ሠራተኛው የአንድ ቤት ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ማሳው የኮሌጁ ክፍል ነበር፤ ለክፍሉ የሚከፍል ውልም ነበረው።

ከፋዩ ሲወጣ

በ1963 ኤክስቴንሽን ከኮሌጁ ተነስቶ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ተዛወረ። ምክንያት ነበረው፤ አገር አቀፍ ሥራ በአንድ ኮሌጅ ትከሻ አይያዝም። ውጤቱ ግን ወንበሩ አንድ እግር ማጣቱ ነበር። በ1968 የኦክላሆማ ውልም አበቃ። ከዚያ በኋላ ማስተማር የአንድ መሥሪያ ቤት፣ ገበሬው ዘንድ መሄድ የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ሆነ።

በዚሁ ጊዜ የከተማው ኤክስቴንሽን እያደገ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1961 ሲቋቋም አለማያም ሥሩ ገባ፤ ዋናው ግቢ ግን አዲስ አበባ ነው። የዩኒቨርሲቲው ኤክስቴንሽን ክፍል ለሠራተኞች በማታ ያስተምር ነበር፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ በደብዳቤ ልውውጥ ጥቂት ትምህርቶችን ጀመረ። በአገራችን የከፍተኛ ደረጃ የርቀት ትምህርት ጅማሬ እሱ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች መንገድ የተለያዩት ያኔ ይመስለኛል። የከተማው ተማሪ ደመወዝተኛ ነው፤ ይከፍላል። የገጠሩን የሚከፍልለት ሌላ ሰው ነው።

“ሌላው ሰው” ደግሞ ይቀያየራል። በ1967 ስዊድን አርሲ ላይ ካዱ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀውን የጭላሎ ፕሮጀክት ጀመረች። ሥልጠናው፣ ምርምሩ፣ ብድሩ፣ ገበያው አንድ ላይ የተሰናሰለ ነበር፤ ዛሬም የሚያነሱት አሉ። ግን በዚያ ወጪ መላ አገሪቱን ማዳረስ እንደማይቻል ቶሎ ታወቀ። ስለዚህ በ1971 “አነስተኛ ጥቅል” የተባለው መጣ፤ ለብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት። ደርግም በተራው እንደ አጋርፋ ያሉ የገበሬ ማሠልጠኛዎችን ይዞ መጣ። መንግሥት ሲቀየር የከፋዩ ስም ይቀየራል፤ ሐሳቡ እንደገና ከሀ ይጀመራል።

የጀልባ ቁማር ያስተማራቸው

ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔን ያስደነቀኝ ግን ከደሴት አገር የመጣው ገንዘብ ነው፤ ከጃፓን።

ጃፓን ውስጥ የሞተር ጀልባ ውድድር አለ፤ ሕዝቡ በሕግ ተፈቅዶለት ይወራረድበታል። ከውርርዱ ገቢ ድርሻ የሚደርሰውን ኒፖን ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት ሪዮይቺ ሳሳካዋ የተባሉት ሰው በ1962 መሠረቱት። እኚሁ ሰው ከቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከጂሚ ካርተርና ከስንዴው ሳይንቲስት ከኖርማን ቦርሎግ ጋር ሆነው ሳሳካዋ ግሎባል 2000ን አቋቋሙ። ድርጅቱ በ1993 ኢትዮጵያ ገባ። በገበሬ ማሳ ላይ ያሳየው ውጤት መንግሥትን ስለማረከ በ1995 ለተጀመረው አገር አቀፍ የኤክስቴንሽን ፕሮግራም መነሻ ሆነ። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል።

ብዙ ሰው የማያውቀው በ1997 አለማያ ላይ የተጀመረውን ነው። ሳሳካዋ ለኤክስቴንሽን ትምህርት ባቋቋመው ፈንድ፣ ዲፕሎማ ይዘው ለዓመታት ገጠር የሠሩ የልማት ሠራተኞች ከመሥሪያ ቤታቸው ተልከው ዲግሪ እንዲማሩ የተለየ ፕሮግራም ተከፈተ። ነገሩ ከመደበኛው የሚለየው በአንድ ትልቅ ነጥብ ነው። ተማሪው ግቢ ውስጥ ትምህርቱን ከወሰደ በኋላ ወደ መጣበት አካባቢ ይመለሳል፤ ከገበሬዎች ጋር ችግር ይመርጣል፤ ለወራት እዚያው ፕሮጀክት ይሠራል። መምህሩም እዚያው ድረስ ሄዶ ያየዋል። ተማሪው ወደ መምህሩ ከሚመጣው እኩል መምህሩ ወደ ተማሪው ይሄዳል። ፕሮግራሙ በኋላ ሐዋሳና መቀሌን ወደ መሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፋ።

በመጽሐፉ ትርጉም ይህ “የርቀት ትምህርት” አይባልም። እኔ ግን ግብርናን በርቀት ማስተማር ምን እንደሚመስል ካየንባቸው አጋጣሚዎች ምርጡ ይሄ ነው እላለሁ። ለመምህሩ መኪናና ለተማሪው ሙከራ የሚሆነው ገንዘብ ከየት እንደመጣ ስታስቡት ደግሞ፣ ሩቅ አገር በጀልባ ተወራርዶ የተበላ ጃፓናዊ ሳያውቀው አንድ የገጠር ልማት ሠራተኛ አስተምሯል! ጥያቄው ግን ይቀራል፤ የኛ ከፋይ ማነው?

አካውንቲንግ ለምን አሸነፈ?

ወደ 2000ዎቹ እንግባ። ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ተከሰቱ።

አንደኛው በመንግሥት በኩል ነው። አላጌ፣ አርዳይታ፣ አጋርፋ፣ ጋዋኔ፣ ሚዛንን ጨምሮ 25 የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተከፍተው በአሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከ60 ሺህ በላይ የልማት ሠራተኞች አሠለጠኑ። ለየቀበሌው ሦስት ባለሙያ፤ ለሰብል፣ ለእንስሳት፣ ለተፈጥሮ ሀብት። እነሱ የሚያስተምሩበት የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከልም በየቀበሌው እንዲሠራ ታቀደ፤ በአሥር ዓመቱ መጨረሻ ወደ 8,500 ገደማ ተሠርቶ ነበር። ጥቂት አገር የሞከረው ሥራ ነው፤ ልንኮራበት ይገባል። ግን ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም በ2010 ባወጣው ጥናት ብዙዎቹ ማዕከላት መሠረታዊ ዕቃና የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ እንደሚጎድላቸው ገለጸ። ግድግዳው ተከፍሎበታል። ማሳው አልተከፈለበትም።

ሁለተኛው በግል ኮሌጆች በኩል ነው። ከ2000 ዋዜማ ጀምሮ የግል ተቋማት የርቀት ትምህርት ከፈቱ። ሞጁል ታትሞ ይላካል፤ ቅዳሜ ክፍል ተከራይቶ ማጠናከሪያ ይሰጣል፤ ፈተና ይመጣል። ሂሳቡ ቀላል ነው። የአካውንቲንግ ተማሪ የሚለማመድበት ነገር ወረቀት ላይ ስላለ ሞጁሉ ውስጥ ይገባል። ላም ግን ፖስታ ውስጥ አትገባም። የበሽታ ምልክት ያለበትን የስንዴ ቅጠል ከጤናማው ለመለየት ማሳ ያስፈልጋል፤ ማሳው ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ውኃ፣ ጠባቂ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ የመኸር ወቅት ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ከተማሪው ወርኃዊ ክፍያ አውጣ ብትሉት ኮሌጁ ይከስራል፤ ተማሪውም አይችልም። ስለዚህ ገበያው ማሳ የማይጠይቀውን ትምህርት መረጠ። ክፋት አይደለም፣ ሂሳብ ነው።

በኦገስት 2010 ትምህርት ሚኒስቴር ጥራትን ምክንያት አድርጎ የርቀት ትምህርትን በግልም በመንግሥትም ተቋማት አገደ፤ ከተቋማቱ ጋር ከተነጋገረ በኋላ በቅድመ ሁኔታ መልሶ ፈቀደው። በክርክሩ ሁሉም ስለ ጥራት አወራ። የተግባር ትምህርት ዋጋ በማን ይከፈል የሚለው ግን ዋና ጉዳይ ሆኖ አልወጣም።

ቴክኖሎጂውም ያንኑ መንገድ ነው የተከተለው። ህንድ በሳተላይት አፍሪካን አስተምራለሁ ብላ በ2007 የሙከራ ሥራዋን በኢትዮጵያ ስትጀምር ከተመረጡት ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሐረማያ ነበር። አገሪቱ በግብርና የምታውቀው ዩኒቨርሲቲ! በመስመሩ የመጣው ትምህርት ግን የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ ነው። በ2020 ኮሮና ግቢዎችን ሲዘጋም በስልክና በኮምፒውተር መቀጠል የቻለው የንድፈ ሐሳቡ ክፍል ነው፤ ማሳው ተማሪውን ሲጠብቅ ከረመ። በ2024 የተጀመረው አምስት ሚሊዮን ኮደርስም ያው ነው፤ ስልክና ኢንተርኔት ይበቃዋል።

በተቃራኒው የሚቆም አንድ ነገር አለ፤ 8028። በ2014 የተከፈተው የገበሬዎች የስልክ መስመር ነው። ገበሬው በነጻ ይደውላል፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ስለ አዘራር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ በሽታ ይሰማል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ደውለውበታል። ለምን ሠራ? ማሳው ገበሬው እጅ ስላለ! የጎደለው ድምፅ ብቻ ነበር፤ ድምፅ ደግሞ ከማሳ ይረክሳል።

ሂሳቡ

አሁን ለምን ይህን ሁሉ አመጣሁባችሁ? ምክንያቱም ከከፋዮቹ ትልቁ በቅርቡ ሄዷል። የትሩማን ፖይንት ፎር ስሙን እየቀያየረ በ1961 ዩኤስኤአይዲ ሆነ። ጁላይ 1 ቀን 2025 ዩኤስኤአይዲ ራሱን የቻለ ድርጅት መሆኑ አበቃ። በአሜሪካ የእርሻ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሆነው ከኛዎቹ ጋር ይሠሩ የነበሩ የምርምር ፕሮግራሞችም አብዛኞቹ በዚያው ዓመት ተዘጉ። በ1951 የተከፈተ መዝገብ ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ ተዘጋ ማለት ነው።

የሚያሳስበኝ መሄዱ ብቻ አይደለም። በ1963 እና በ1968 የሆነውን አይተናል። ከፋይ ሲወጣ ሕንፃው ይቆማል፤ መምህሩ ደመወዙን ያገኛል፤ ዲግሪው ይታተማል። መጀመሪያ የሚቀረው መንገዱ ነው፤ የመምህሩ የመስክ ጉዞ፣ የተማሪው ሙከራ፣ የማዕከሉ ዘር። እነዚህ ሲቀሩ ማንም ሰላማዊ ሰልፍ አይወጣም። ቀስ ብለው ነው የሚጠፉት።

ለእኛ ለከተሜዎቹ ምናችን ነው? ቀራንዮ ዛሬ ኮንዶሚኒየምና አስፋልት ሆነ እንጂ ማሳ የነበረ አገር ነው። ማሳው ሲርቅ ሽንኩርቱና ጤፉ ከሩቅ ይመጣል፤ እዚያ ሩቅ ያለው ገበሬ የሚያማክረው ባለሙያ ደግሞ ቀበሌው ውስጥ ቁጭ ብሎ ራሱን ማሻሻል የሚችልበት የሙያ ትምህርት ካላገኘ፣ በርቀት ማኔጅመንት ተምሮ ወደ ከተማ ቢሮ ቢገባ ምን ይገርማል? እኛ ሠፈር ያለው ማስታወቂያ እሱን ከማሳው የሚያስወጣ በር ይሆናል። የዚህን ዋጋ በገበያ ቀን ዘንቢላችን ይነግረናል።

መፍትሔው ከሰማይ አይወርድም፤ በታሪኩ ውስጥ ተበታትኖ አለ። ከአሜሪካኖቹ የ1914 ሕግ ሁለት ከፋይ ማድረግን፣ ፌዴራልና ክልል እኩል እያዋጡ ለመስክ ትምህርት ብቻ የሚውል፣ ለሌላ የማይዞር በጀት። ከደሴቶቹ፣ ራቅ ላለው የበለጠ መደገፍን። ከአለማያው የሳሳካዋ ፕሮግራም፣ ተማሪው በሚሠራበት ቀበሌ ፕሮጀክቱን እንዲሠራ ማድረግን። ከ8028፣ ድምፅንና ጽሑፍን በርካሽ መላክን። ማሳውም ቢሆን ከዜሮ አይጀመርም። በየቀበሌው የተሠሩት ማሠልጠኛ ማዕከላት አሉ፤ ሠርቶ ማሳያ መሬት ያላቸውም ብዙ ናቸው። የርቀት ተማሪው የልማት ሠራተኛ ያንን መሬት እንደ ላቦራቶሪ ቢይዘው፣ ምርቱ ተሸጦ ለቀጣዩ ዘር ቢውል፣ መምህሩ በወቅት አንዴ የሚመጣበት ትራንስፖርት ቢታሰብለት፣ ግብርና በርቀት የማይሆንበት ምክንያት ምንድነው?

ሞጁሉን ማተም ቀላል ነው። ከባዱ፣ ከሞጁሉ ጋር የማይታሸገውን ነገር ሂሳብ አስቀድሞ መያዝ ነው። እስካሁን ያንን ሂሳብ በየተራ ኦክላሆማ፣ ስዊድንና የጃፓን የጀልባ ተወራራጆች ከፍለውልናል። በሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲጸድቅ እስቲ አንድ ጥያቄ ለተወካዮቻችሁ ጠይቁልኝ፤ “የግብርና ትምህርት” ከሚለው መስመር ሥር ለማሳው የተያዘው ስንት ነው?